ባዕድ አገር ያለ ተማሪ፣ ወጥ ቤት ያሉ እናት

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1997 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት በሆነው «ጃማ» ላይ አንድ የጥናት ውጤት ታተመ። ጥናቱን የመሩት የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ፍሎረንስ ክላርክ ሲሆኑ፣ የተካሄደው በሎስ አንጀለስ ከተማ ነበር። መንግሥት በሚደጉማቸው መኖሪያዎች ውስጥ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ 361 አረጋውያን በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን የተለየ ነገር አልተደረገለትም። ሁለተኛው በየሳምንቱ እየተሰበሰበ ይጫወታል፣ ፊልም ያያል፣ የእጅ ሥራ ይሠራል፣ ሽርሽር ይወጣል። ሦስተኛው ደግሞ በሳምንት ሁለት ሰዓት ከኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ሙያውን በኋላ እዘረዝረዋለሁ) ጋር በቡድን ይቀመጣል፤ በተጨማሪም በዘጠኙ ወራት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ዘጠኝ ሰዓት ያህል ከቴራፒስቱ ጋር ይገናኛል።

ዘጠኙ ወር ሲያልቅ ሦስተኛው ቡድን በጤናው፣ ዕለታዊ ሥራውን በማከናወንና በኑሮ እርካታው ከሌሎቹ ተሽሎ ተገኘ። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ሲታይም ያገኘው ጥቅም በአብዛኛው አብሮት ነበር። ሁለተኛው ቡድን ግን ያ ሁሉ ጨዋታና ሽርሽር ተዘጋጅቶለት፣ ምንም ካልተደረገለት ቡድን አልተሻለም። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አረጋውያንን ሰብስቦ ማጫወት ደግ ሥራ ነው፤ የሚነቅፈው የለም። በዚህ ጥናት መለኪያዎች ላይ ግን ለውጥ ሆኖ አልታየም። በ2012 በወጣው ሁለተኛው ጥናት፣ በ21 ቦታዎች ከተሰባሰቡ ከ60 እስከ 95 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 460 ሰዎች መካከል በቴራፒስት የታገዙት በሰውነት ሕመም፣ በንቃት፣ በማኅበራዊ ኑሮና በመንፈስ ሁኔታ መሻሻል አሳዩ። በአካላዊ ብቃትና በማስታወስ ረገድ ግን ጎልቶ የወጣ ልዩነት አልተገኘም። ይህንንም መናገር ተገቢ ነው፤ ሁሉን የሚፈውስ ነገር አልተገኘምና።

ታዲያ ሦስተኛውን ቡድን ምን ለየው? ቴራፒስቶቹ አረጋውያኑን ሥራ ከማስያዝ አስቀድመው የራሳቸውን ቀን እንዲመረምሩ ረዷቸው። ጠዋት ሲነሡ ምን ያደርጋሉ? የትኛው ሥራ ያበረታዎታል፣ የትኛውስ ያዝልዎታል? ማድረግ እየፈለጉ የተዉት ነገር ምንድን ነው? ለምን ተዉት? ከተነሡት ርእሶች አንዱ መጓጓዣ ነበር። አንዲት እናት ዘመድ መጠየቅ ያቆሙት ጉልበታቸው ከድቷቸው ይሆናል፤ ወይም አውቶቡስ መቀየር አስፈርቷቸው ይሆናል። ሁለቱ ሰበቦች መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። መጀመሪያ ሰበቡ ይለያል፣ ከዚያ መንገዱ ይታቀዳል፣ ከዚያ በእውነተኛው ከተማ በእውነተኛው አውቶቡስ ይሞከራል። አረጋውያኑ የተማሩት የራሳቸውን ሥራ ማየትና ማስተካከል ነው።

የእነዚህ ቴራፒስቶች ሙያ በአገራችን ገና ብዙ ሰው የሚያውቀው ስላልሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። ኦኩፔሽናል ቴራፒ በሽታ፣ አደጋ፣ እርጅና ወይም የአካል ጉዳት ከዕለት ተዕለት ሥራው ያፈናቀለውን ሰው ወደ ሥራው የመመለስ ሙያ ነው። እዚህ ላይ ሥራ ስል ደመወዝ የሚከፈልበትን ብቻ አይደለም። ፊት መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ ምግብ ማብሰል፣ ገበያ መሄድ፣ መጸለይ፣ የልጅ ልጅ ማጫወት ሁሉ ሥራ ነው። ስትሮክ የመታቸውን አባት እናስብ። ፊዚዮቴራፒስቱ ትከሻቸው እንዲነሣ፣ እግራቸው እንዲጸና ይተጋል። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ ደግሞ በዚያው ትከሻ ሸሚዛቸውን እንዴት እንደሚለብሱ፣ በአንድ እጅ እንዴት እንደሚቆርሱና እንደሚጎርሱ፣ ከአልጋ ወደ መታጠቢያ ቤት በምን እንደሚደርሱ አብሯቸው ይሠራል። ካስፈለገም ቁልፉን ከሸሚዙ፣ ደፉን ከበሩ ላይ ያስነሣል።

ሙያው ማኅበር ሆኖ የተመሠረተው በመጋቢት 1917 በኒውዮርክ ግዛት፣ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ኤድዋርድ ባርተን አርክቴክት ነበር፤ በሳንባ ነቀርሳ የታመመ፣ ኋላም ግራ ጎኑ የማይታዘዝለት ሰው። አትክልት በመኮትኮትና እንጨት በመሥራት ራሱን እንደመለሰ ያምን ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች ሙያውን አስፋፉት። በ1952 የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ ዛሬ ይህ ፌዴሬሽን በሚያወጣው ዝቅተኛ መስፈርት መሠረት አንድ ተማሪ ቢያንስ 1,000 ሰዓት ከባለሙያ ሥር ሆኖ በተግባር መለማመድ አለበት። የዚህን ልምምድ ከፊሉን በሌላ አገር የሚያከናውኑ ተማሪዎች አሉ። ለሁለት ወይም ለአራት ሳምንት ከመምህራቸው ጋር ወደ ባዕድ አገር የሚሄዱም ብዙ ናቸው።

ውጭ አገር ሄዶ መማር ሲባል ሁላችንም በጎ ነገር እንጠብቃለን። ተማሪው ዓይኑ ይገለጣል፣ ሌላውን ሕዝብ ያውቃል፣ ሰው ሆኖ ይመለሳል እንላለን። ይህን ተስፋ በሚዛን ያስቀመጠው ትልቁ ሥራ ማይክል ቫንደ በርግና የሥራ ባልደረቦቹ በ2009 ያሳተሙት፣ የጆርጅታውን ጥምረት ጥናት በመባል የሚታወቀው ነው። በ61 ፕሮግራሞች ውስጥ ያሉና እዚያው አገራቸው የቀሩ፣ በድምሩ ወደ 1,300 የሚጠጉ አሜሪካውያን ተማሪዎች የሌላውን ሕዝብ አኗኗር የመረዳት አቅማቸው ከጉዞው በፊትና በኋላ ተለካ። ብዙዎቹ ያገኙት ለውጥ እጅግ ትንሽ ነበር። ከአስተናጋጅ ቤተሰብ ጋር ማደር ብቻውን፣ ከአገሬው ተማሪዎች ጋር አንድ ክፍል መቀመጥ ብቻውን የተጠበቀውን ያህል አላስተማረም። ጎልቶ የታየው ለውጥ የመጣው እዚያው አገር እያለ በየጊዜው የሚያገኘው መካሪ ለነበረው ተማሪ ነው፤ ያየውን እንዲናገር፣ የፈረደውን እንዲመረምር፣ ያልገባውን እንዲጠይቅ የሚያግዘው ሰው ለነበረው።

የሎስ አንጀለሱን ሁለተኛ ቡድን እዚህ ላይ አስታውሱት። ሁለቱን ጥናቶች ያካሄዱት ሰዎች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ስለ አረጋውያን ነው፣ ሌላው ስለ ወጣቶች። ግን እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብ አንድ ነገር ይታየኛል። አረጋዊውን እንቅስቃሴ ባለበት ቦታ ማስቀመጥ ብቻ አልጠቀመውም። ተማሪውንም ባዕድ አገር ማድረስ ብቻ ብዙ አላስተማረውም። ሁለቱም ያተረፉት የሚያደርጉትን ነገር አብሮ የሚያይላቸው፣ ጠይቆ የሚያስጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ነው። ስለዚህ ተማሪ ወደ ውጭ የሚልክ ትምህርት ቤት ለአውሮፕላን ቲኬት የሚጨነቀውን ያህል ለመካሪው ቢጨነቅ ይሻላል እላለሁ።

በእርግጥ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተማሪ ወደ ባዕድ አገር ሲሄድ ከሌሎቹ ተማሪዎች የተለየ ነገር ይገጥመዋል። የሚማረው ሙያ ስለ ዕለታዊ ችሎታ ነው፤ የራሱ ዕለታዊ ችሎታ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይከዳዋል። ትናንት በአገሩ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራው ሁሉ ዛሬ ያስቸግረዋል። የታክሲው ረዳት የሚጠራው አይገባውም። ሂሳብ መቼ እንደሚከፈል አያውቅም። የሻወሩ መክፈቻ ሌላ ነው፣ ምግቡ የሚበላበት መንገድ ሌላ ነው። እጁ ያው እጅ ነው፣ አእምሮው ያው አእምሮ፤ ቦታው ብቻ ተለወጠ፣ ችሎታው ግን ግማሽ ሆነ። መካሪው ብልህ ከሆነ ይህን ሰዓት አያሳልፈውም። «አሁን የተሰማህን ነገር ልብ በል፤ ነገ የምታገኛቸው የሰባ አምስት ዓመት እናት ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ሲገቡ የሚሰማቸው ይህ ነው» ይለዋል። ከዚህ የሚበልጥ የመግቢያ ትምህርት አላውቅም።

ችሎታ የሚለካው እንዴት ነው? ይህ ለሙያው ትልቅ ጥያቄ ነው። በ1963 ሲድኒ ካትስ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በክሊቭላንድ ሆነው ስድስት ነገር የሚጠይቅ መለኪያ አወጡ፤ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ዓይነ ምድርን መቆጣጠር፣ መመገብ። በ1969 ደግሞ ፖውል ላውተንና ኢሌን ብሮዲ ከዚያ ወጣ ያሉ ስምንት ሥራዎችን ጨመሩ፤ ስልክ መጠቀም፣ መሸመት፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ ቤት መያዝ፣ ልብስ ማጠብ፣ መጓጓዝ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ፣ ገንዘብ ማስተዳደር። ሁለቱም መለኪያዎች እስከ ዛሬ በብዙ አገር ሆስፒታሎች ይሠራባቸዋል። የሁለተኛው ታሪክ ግን አንድ የሚያስተምር ነገር አለው። መጀመሪያ ሲዘጋጅ ሴቶች በስምንቱም ሲመዘኑ፣ ወንዶች የሚመዘኑት በአምስቱ ብቻ ነበር፤ ማብሰል፣ ቤት መያዝና ልብስ ማጠብ ለእነሱ ተትተዋል። የዚያ ዘመን አሜሪካዊ ባል እነዚህን ሥራዎች ስለማይሠራ «አይችልም» ብሎ መጻፉ አያስኬድም ነበር። መለኪያው ሲወጣ የአንድ አገር፣ የአንድ ዘመን ቤት ውስጥ ቆሞ ነው የወጣው። ዕድሜ ልካቸውን ማጀት ገብተው የማያውቁ የኛ አባት በዚህ ወረቀት ቢመዘኑ ምን ውጤት እንደሚያገኙ መገመት አያዳግትም።

ይህን ችግር በብልሃት ከያዙት ሰዎች አንዷ አን ፊሸር ናቸው። በአሜሪካ ኮሎራዶና በስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፊሸር «አምፕስ» በሚል ምሕጻር የሚጠራውን ምዘና አዘጋጁ። በዚህ ምዘና ወረቀትና እርሳስ አይቀርብም። ተመዛኙ ራሱ የሚያውቃቸውንና የለመዳቸውን ሥራዎች ይመርጣል፤ ቴራፒስቱ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ያያል። የሚታዩት 16 የእንቅስቃሴና 20 የአሠራር ችሎታዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣቸዋል። የሥራው ክብደትና የመዛኙ ጥብቅነት ሳይቀር በስሌት ይታረማል። ጥያቄው «ይችላሉ ወይስ አይችሉም?» ብቻ አይደለም። ሥራው ምን ያህል ድካም አስከተለ? ምን ያህል ጊዜና ጉልበት ባከነ? አደጋ ነበረው? የሰው እርዳታ አስፈለገ? እነዚህ አራቱ ናቸው የሚጠየቁት።

ጉዳዩ እንዲጨበጥ አንዲት እናት ቡና ሲያፈሉ በዚህ ዓይን እንያቸው። ከሰሉን ያቀጣጥላሉ፤ ጥሬ ቡናውን ለቅመው፣ አጥበው ምጣድ ላይ ያደርጋሉ። ሲቆሉ እጃቸው ያለማቋረጥ ይዞራል፤ ይህ ጽናትና ቅንጅት ነው። ቀለሙንና ሽታውን እየተከታተሉ ከማረሩ በፊት ያነሡታል፤ ይህ ማስተዋል ነው። እሳቱ ሲበረታ ፍሙን ገለል ያደርጉታል፤ ይህ ማስተካከል ነው። ዘነዘናውን ሲያነሡ ክብደቱን ይመጥኑታል። ውሃው ሳይፈላ ቡናው ተወቅጦ ይደርሳል፤ ይህ ቅደም ተከተልን ማወቅ ነው። ጀበናውን ዘንበል አድርገው፣ አተላው ሳይናወጥ፣ ሲኒ ከሲኒ ሳያቋርጡ ይቀዳሉ። ለእንግዳው ስኳር ይጠይቃሉ፤ ሦስተኛው በረካ እስኪደርስ ጨዋታውንም ሥራውንም አብረው ያስኬዳሉ። በዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሠላሳ ስድስቱም ችሎታዎች ሳይገለጡ አይቀሩም። አሁን እኚሁን እናት በማያውቁት ወጥ ቤት ውስጥ አቁመን በኤሌክትሪክ ማሽን ቡና እንዲያፈሉ እናዛቸው። ቁልፉን ይፈልጋሉ፣ ማጣሪያውን ይረሳሉ፣ ውሃው ሲፈስ ይደነግጣሉ። መዛኙ ያልተማረ ከሆነ «የማቀድና የማስታወስ ችግር» ብሎ ይጽፋል። የጻፈውም እንደ ሐኪም ቃል ይታመናል።

ይህ በምናብ የቀረበ ፍርሃት አይደለም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ የመጀመሪያ ክፍል ሕፃናትን ዴቪድ ጹሪኤልና ባልደረባቸው ካውፍማን በ1999 ባሳተሙት ጥናት ፈትነው ነበር። መጀመሪያ በተለመደው ፈተና የኢትዮጵያውያኑ ውጤት እዚያው ከተወለዱት ልጆች በእጅጉ ያነሰ ነበር። መርማሪዎቹ የፈተናውን ዓይነት ነገር አብረዋቸው እየሠሩ ለአጭር ጊዜ ካስተማሯቸው በኋላ ልዩነቱ እጅግ ጠበበ። የመጀመሪያው ውጤት የለካው በአመዛኙ እንግድነታቸውን ነበር ማለት ነው። ጥናቱ ስለ ሕፃናት ቢሆንም፣ በ70 ዓመታቸው አገር ስለለቀቁ ወላጆችም የሚለው ነገር አለው።

ቦታ ችሎታን ከሰወረ፣ ቦታን ማስተካከል ችሎታን ይመልሳል ማለት ነው። ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሳራ ዛንቶን የመሩት «ኬፕብል» የተባለ ፕሮግራም የተነሣው ከዚህ ሐሳብ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ወደሆነ አረጋውያን ቤት ሦስት ሰዎች ይሄዳሉ፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ነርስና የጥገና ባለሙያ። አረጋዊው ራሱ «ይህን ማድረግ እፈልጋለሁ» ያለውን ይዘው ይነሣሉ። የላላ ደረጃ ይጠገናል፣ መታጠቢያው አጠገብ መያዣ ይተከላል፣ ለእጅ የራቀ መደርደሪያ ዝቅ ይላል፤ ለዚህ የተመደበው ገንዘብ እስከ 1,300 ዶላር ድረስ ነበር። 300 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2019 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ እርዳታውን ያገኙት ሰዎች መታጠብና መልበስን በመሰሉ ዕለታዊ ሥራዎች የሚገጥማቸው ችግር ከሌሎቹ በ30 በመቶ ቀነሰ። አንድ መያዣ ብረት ግድግዳ ላይ ሲተከል የሰውየው አካል አልተለወጠም፤ ሰውየው ግን ብቻቸውን መታጠብ ጀመሩ።

አሁን ወደ ድንበር ጉዳይ ልመለስ፤ ምክንያቱም ድንበር የሚሻገረው ተማሪው ብቻ አይደለም፣ ሕክምናውም ይሻገራል። በ2006 በኔዘርላንድስ ናይሜኸን ሞድ ግራፍና ባልደረቦቿ ቀላልና መካከለኛ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን 135 ሰዎች ከነአስታማሚዎቻቸው አጠኑ። ቴራፒስቶች በአምስት ሳምንት ውስጥ አሥር ጊዜ ቤታቸው እየሄዱ፣ የትኛው ሥራ እንደሚወደድ ለይተው፣ ቤቱንና አሠራሩን አስተካክለው፣ አስታማሚውን አሠለጠኑ። ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ ሕመምተኞቹ ሥራቸውን በማከናወን ተሻሻሉ፣ ከተለካባቸው መሣሪያዎች አንዱም አምፕስ ነው። ይኸው ሕክምና ወደ ጀርመን ተወሰደ። እዚያ አሥሩን ጉብኝት ያገኙት ሰዎች አንድ የምክር ጉብኝት ብቻ ካገኙት አልበለጡም። ወደ እንግሊዝም ተወሰደ፤ ለአገሩ እንዲስማማ ተሻሽሎ 468 ጥንዶች ተሳተፉበት፤ በ2021 የወጣው ውጤት ከተለመደው አገልግሎት የተሻለ ለውጥ አላሳየም።

ሦስቱም ጎረቤታሞችና ባለጸጋ አገሮች ናቸው፤ ሦስቱም አውሮፓውያን። እንዲያም ሆኖ አንድ አገር የሠራው ሌላው አገር አልሠራም። አንዱ ምክንያት ንጽጽሩ ነው፤ የኔዘርላንድሱ ቡድን የተነጻጸረው ምንም የኦኩፔሽናል ቴራፒ አገልግሎት ካላገኙ ሰዎች ጋር ነበር፣ የጀርመኑ ግን ጥቂትም ቢሆን ካገኙት ጋር። ግን በዚህ ብቻ የሚያልቅ አይመስለኝም። ሕክምናው የሚካሄደው በሰው ቤት ነው፣ ከሰው ቤተሰብ ጋር፣ በሰው ልማድ ውስጥ። እንክብልን ከአገር አገር መውሰድ ይቻላል፤ የቤት ውስጥ አኗኗርን ግን እንደ እንክብል አሽጎ መላክ አይቻልም። ከናይሜኸን እስከ ለንደን ያለው ርቀት ይህን ያህል ካስቸገረ፣ አንድ የአሜሪካ ተማሪ በሁለት ሳምንት ጉዞ ለአፍሪካ ገጠር መፍትሔ ይዞ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

ማይክል ኢዋማ ይህን ነገር ከሥሩ ያነሡት ምሁር ናቸው። በጃፓን ተወልደው በካናዳ ሙያውን የተማሩት ኢዋማ፣ በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ «ካዋ» የተባለውን አመለካከት አቀረቡ። ጥያቄያቸው ቀጥተኛ ነበር። የምዕራቡ ዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒ ዋና ግቡ ሰው ራሱን እንዲችል ነው። ይህ ለሁሉም ሕዝብ ከሁሉ የሚበልጥ መልካም ነገር ነው ወይ? በብዙ ቤቶች እናት ልጃቸው እግራቸውን ሲያጥብላቸው ውርደት አይደለም፤ ክብር ነው፣ ምርቃትም ይከተለዋል። ምራት ያጎረሰችውን አባት «በራስዎ መብላት ይለማመዱ» ማለት ሕክምና መስሎ ፍቅርን ሊሰብር ይችላል። እንዲህም ስል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አክብሮት በሚል ስም ወላጅን ከሥራ ሁሉ ማስቀመጥ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ «እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ እንሠራለን» እየተባሉ ጉልበታቸውም መንፈሳቸውም የዛለባቸውን አላየሁም ማለት አልችልም። ጥሩ ቴራፒስት ሁለቱን ይለያል፤ የትኛውን ሥራ ለልጆቻቸው መተው እንደሚያስደስታቸው፣ የትኛውን ግን ማንም እንዳይነጥቃቸው እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ይጠይቃል።

ስለ ተማሪዎቹ ጉዞ የተጻፉት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ጥናቶች በአብዛኛው ተማሪዎቹ በጻፉት የዕለት ማስታወሻና ከጉዞው መልስ በሰጡት ቃል ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የሚመጡት ቃላት ተቀራራቢ ናቸው፤ በራሴ ተማመንኩ፣ ያለ ብዙ ዕቃ መሥራት ለመድኩ፣ ራሴን መረመርኩ። እነዚህን አልንቃቸውም። ነገር ግን ቡድኖቹ ትንንሽ ናቸው፣ ልኬቱ ተማሪው ገና በጉዞው ስሜት ውስጥ እያለ የሚወሰድ ነው። ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ የአስተናጋጆቹ ነገር ነው። ቤታቸውን ከፍተው፣ ድካማቸውን አሳይተው ያስተማሯቸው አረጋውያን ምን አተረፉ? ይህን የሚጠይቅ ጥናት ጥቂት ነው። ሜላኒ ተርቫሎንና ጃን መሪ-ጋርሲያ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1998 በጻፉት ታዋቂ ጽሑፍ፣ የሌላውን ባህል «ተምሬ ጨረስኩ» ማለት እንደማይቻል፣ ባለሙያው ዕድሜ ልኩን ትሑት ተማሪ ሆኖ መቅረት እንዳለበት ተከራክረዋል። ተማሪ ሲላክ ይህ አብሮት መሄድ አለበት። መምህሩ አረጋዊቷ ናቸው፤ ተማሪው ደግሞ ደቀ መዝሙር።

በአገራችን ጉዞው በሌላ አቅጣጫም ሆኗል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት የተጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ባደረገው ትብብር። የጎንደር መምህራን ወደ ካናዳ፣ ኪንግስተን ሄደው ተምረዋል። ውጭ አገር የተማረውን ይዞ ለሚመለስ መምህር ትልቁ ሥራ የሚጀምረው ሲመለስ ነው። የካናዳ መታጠቢያ ቤት ቧንቧና ገንዳ አለው፤ በብዙ ቤታችን ግን የሚታጠቡት በባልዲና በማንቆርቆሪያ ነው። የካናዳ አረጋዊ ከወንበር ይነሣል፤ የእኛ ደግሞ ከበርጩማ፣ ከመደብ፣ ከቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ወይም ከመስገጃ ላይ። ዝቅ ካለ በርጩማ ለመነሣት የሚያስፈልገው የጉልበት ኃይል ከከፍ ያለ ወንበር ለመነሣት ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ስለዚህ መለኪያውም ልምምዱም መሣሪያውም እንደገና እዚህ መሠራት አለበት። እንጀራ መጋገር፣ ቡና ማፍላት፣ ነጠላ መልበስ፣ መስገድ፣ ለቅሶ መድረስ በምዘና ዝርዝር ውስጥ ቦታ ሊያገኙ ይገባል። ይህን ከጎንደርና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን ወጣት ተመራማሪዎች የተሻለ ሊሠራው የሚችል የለም።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቴል አቪቭ፣ በስቶክሆልም ወላጆቻችሁን አምጥታችሁ የምታኖሩ ልጆች ደግሞ ከዚህ ሁሉ የምትወስዱት ነገር አለ። አገር ቤት ዕድር የመሩ፣ ለሠርግ ሦስት መቶ ሰው ያበሉ እናት አፓርታማ ውስጥ ቡና ሲቆሉ የጭስ ደወል ቢያስጮኹ፣ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ቢያቀያይሩ፣ ብቻቸውን ከቤት መውጣት ቢፈሩ ወዲያው «አረጁ» አትበሉ። ነገሩ የማያውቁት ዕቃ፣ የማያነቡት ጽሑፍ፣ የማይሰሙት ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩትን ሥራ፣ በለመዱት ዕቃ እየሠሩ ከተምታታባቸው ግን ያ ሌላ ምልክት ነው፤ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት አለበት። ቴራፒስት ቤት ሲመጣም አስተርጓሚ ሆናችሁ ስትቀመጡ በእናታችሁ ፈንታ «አትችልም» ብላችሁ አትመልሱ። ይጠየቁ፣ ራሳቸው ይመልሱ። ከተቻለም የሚችሉትን በቃል ከመንገር በገዛ ዕቃቸው ሲሠሩ ይታዩ። የእንግሊዝኛ ወረቀት ከመሙላታቸው በፊት ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ ሲኒውን አቅርቡላቸውና ቴራፒስቱ ቆሞ ይመልከት። ይህን የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ጠይቁ።